ማን መሰከረለት?

ስለ ታላላቅ ነገሮች የሚጽፉ ጓደኞች ይህ መጽሔት አላጣም። ስለዚህ እኔ ስለ አንዲት ትንሽ ወረቀት ብጽፍ አንባቢ ቅር የሚሰኝ አይመስለኝም። ወረቀት የምላት እንኳ በልማድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከስልክ መስተዋት ወጥታ ከቀለምና ከማተሚያ ጋራ ሳትገናኝ ትቀራለች። ስሟ የምስክር ወረቀት ነው። በኢንተርኔት የሚሰጥ የሦስት ቀን፥ የሦስት ሳምንት ወይም የሦስት ወር ሥልጠና ተከታትሎ ለጨረሰ ሰው ትሰጣለች። ዋጋዋ ርካሽ ነው፤ አንዳንዴም በነፃ ትገኛለች፤ መልኳ ግን የንጉሥ ደብዳቤ ይመስላል። ወርቅማ ማኅተም፥ የተጠላለፈ ፊርማ፥ ዳር ዳሩን ሐረግ፥ ከመካከል በትልልቅ ፊደል የባለቤቱ ስም። ታዲያ ጥያቄው ይህ ነው፦ ይህችን ይዞ የሄደ ሰው የሚቀበለው ያገኛል ወይስ አያገኝም?

ጥያቄውን ከራሴ አላመነጨሁትም። ባለፈው የገና ሰሞን ላሊበላ ከቤተሰቦቼ ዘንድ በሰነበትሁበት ጊዜ ያሸከሙኝ ሸክም ነው። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ ዳሩ ግን ባገራችን ዩኒቨርሲቲ ገባ የተባለ ልጅ ሐኪምም፥ ጠበቃም፥ ስልክ ጠጋኝም ሆኖ ይቆጠራል። ቡናው ሳይፈላ ስልኮች ተዘረጉልኝ። "እስቲ እየው፤ ይህ ነገር ያስቀጥራል?" የማይለኝ ጎረቤት አልነበረም።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደ በዛ ለመረዳት ላሊበላ ያሳለፈቻቸውን ዓመታት ማሰብ ይበቃል። ከተማችን የምትኖረው በእንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለምእመኑ የጸሎት ቤት ሲሆኑ ለወጣቱ ደግሞ እንደ እርሻው ናቸው። አስጎብኚው፥ የሆቴል አስተናጋጁ፥ ጫማ ጠባቂው፥ ወደ አሸተን ማርያም በቅሎ የሚስበው፥ ሁሉም የሚያድረው እንግዳው በሚሰጠው ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ አገራችን ሲገባ እንግዳው ቀረ። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ከተማይቱን ደረሰባት፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ቆየች። ተመስገን ብለን ሳንጨርስ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሌላው ግጭት መጣ፤ በሐምሌ ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የስልክ ኢንተርኔትም በክልሉ ለብዙ ወራት ጠፋ። በዚያው ዓመት በጥር ወር የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር በመላው አገሪቱ ከተፈተኑት ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ አንባቢ ያስታውሳል። እንግዲህ እንግዳ ያጣ አስጎብኚና ማለፊያ ያጣ ተማሪ በአንድ ደጃፍ ተቀምጠው ምን ያድርጉ? ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሁለቱም ሥልጠና ጀመሩ።

የአጎቴ ልጅ ከነዚህ አንዱ ነው። ከኔ በአራት ዓመት ስለሚበልጥ አያ እለዋለሁ። ድሮ አስጎብኚዎችን እየተከተለ እንግሊዝኛውን ከእንግዳ አፍ የለቀመ፥ ጣልያንኛም የሚሞክር ልጅ ነው። አሁን ስድስት የምስክር ወረቀት አለው። አንዱ "የሆቴል አመራር ዲፕሎማ" ይላል፤ አንዱ የደንበኛ አያያዝ ነው፤ አንዱ ደግሞ "የመሪነት ጥበብ" ይባላል። "በዚህኛው ማንን ትመራበታለህ?" ብለው "ለጊዜው ሁለት ፍየሎች አሉኝ" አለኝ። ለትምህርቱ አልከፈለም፤ ለወረቀቱ ግን በየጊዜው ሃያ ዶላር ያህል ከፍሏል። ዶላሩም ከላሊበላ ገበያ አይገዛም፤ ውጭ አገር ባለካርድ ዘመድ ላለው ደላላ ብሩ በቴሌብር ይላካል፤ ደላላውም የድካሙን ይቆርጣል። አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ እስኪለቀቅ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ርካሽ የሚለው ቃል ራሱ ለማን ብሎ መጠየቅ አለበት። ሃያ ዶላር ለአውሮፓ ሰው የአንድ ቀን ምሳ ይሆናል፤ የአያ ስድስት ወረቀት ግን ተደምሮ የበግ ዋጋ አልፏል።

ሁለተኛዋ ጠያቂዬ በአንድ የላስታ ቀበሌ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። እዚያ ደጋ ላይ ኔትዎርክ የሚገኘው ከጤና ጣቢያው በላይ ካለው ተረተር ነው፤ ትምህርቷን የተማረችው ጋቢ ለብሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነው። ወረቀቷ ላይ "ሲፒዲ" የሚሉ ሦስት ፊደሎች አሉ። ሦስተኛዋ ደግሞ ራሷ አልጠየቀችኝም፤ የጠየቁኝ እናቷ ናቸው። ልጅቱ 19 ዓመቷ ነው፤ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ተነሥታለች። "የቤት አያያዝና የአረጋውያን እንክብካቤ" የሚል የምስክር ወረቀት በስልኳ ይዛለች፤ የሰጣትም ደላላ "ይህ ካለሽ ሌላ ሥልጠና አያስፈልግሽም" ብሏታል። እናቷ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው "ልጄ፥ አንተ የተማርህ ነህ፤ ይህ ወረቀት ያሻግራታል?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ስልክ ያልዘረጉልኝ አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። መሪጌታ ናቸው፤ ሠፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን በማኅሌት የሳተን ድምፅ ከሃያ ሰው መካከል ለይቶ ያወጣል ይባላል። አያ ወረቀቶቹን አንድ ባንድ እያነበበ ሲያሰማኝ መደቡ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ ኖሯል።

"ማን መሰከረለት?" አሉኝ።

"ምኑን፥ የኔታ?"

"ይኸን ሁሉ ማወቁን ነዋ።"

አያ ቀደመኝና "ውጭ አገር ያለ ኩባንያ ነው፥ የኔታ" ብሎ መለሰ።

"አይቶሃል?"

"የለም። በስልኩ ይጠይቀኛል፤ ከአራት መልስ አንዱን እመርጣለሁ።"

"ስትስትስ?"

"እንደ ገና እሞክራለሁ።"

"እስክታገኘው?"

"እስካገኘው።"

የኔታ እስኪያስላቸው ሳቁ። "እኔንም እንዲህ ቢጠይቁኝ ኖሮ ጢም ሳላወጣ ሊቅ እባል ነበር" አሉ።

ሽማግሌው የተናገሩት ለቀልድ ብቻ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት መማር አንድ ነገር ነው፤ ማስመስከር ሌላ ነገር ነው። ድጓ በየትም ደብር ይማሩታል፤ የሚያስመሰክሩት ግን ጋይንት ቤተልሔም ወርደው ነው። ዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ ነው፤ ቅዳሴ ደብረ ዓባይ ወይም ሰለልኩላ ነው፤ አቋቋም ጎንደር ነው። ለዓመታት ሌላ ቦታ የተማረ ሰው ስንቁን ይዞ ተጉዞ ከምስክሩ መምህር ፊት ይቀመጣል፤ ያለው ዜማ ይሰማል፤ የጎደለው ይታረማል። ከዚያ በኋላ "የቤተልሔም ነው" ከተባለ የሚበቃው ይህ ነው። ወረቀት የሌለው የምስክር ወረቀት ማለት ይህ ነው። ማንም ቢጠራጠር የሚጠይቀው ቦታና የሚጠይቀው ሰው አለ። የላስታ ጎረቤት የሆነችው ዋድላም እንዲሁ በቅኔዋ የታወቀች ናት፤ ከዋድላ ቅኔ ቤት ነው የመጣሁ ላለ ሰው ጉባኤው ወዲያው አንድ ቅኔ ይጠይቀዋል፤ እዚያው ይለያል።

ይሁን እንጂ በዚህ ነገር ከየኔታ ጋራ ፈጽሜ አልስማማም። ያ ሥርዓት ለሴት ልጅ በሩን አልከፈተላትም ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ዕድሜም ይበላል፤ እንጀራ ፈላጊውን ተማሪ ስንቱን የላስታ ውሻ እንዳሳደደው ራሳቸውም ይናገራሉ። ደግሞም የዛሬው ልጅ የሚሄደው ወደ ደብር ብቻ አይደለም። ይህንኑ በትሕትና ብነግራቸው "የውጭ አገር ሰው ቤተልሔምን አያውቅ እንደሆነ ምን ገዶኝ? እኔ የተማርሁት ለደብሬ ነው፤ ደብሬም ተቀበለኝ" አሉ። ወደ አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ እንኳ ይህች መልስ ስትከነክነኝ ሰነበተች። እኛ ስንጠይቅ የነበረው "ወረቀቱ በዓለም የታወቀ ነው ወይ?" ብለን ነው። የኔታ ግን ወዴት እንደሚሄዱ አስቀድመው ያውቁ ነበር።

በዚህ መንፈስ ነገሩን መመርመር ጀመርሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት ነገር እንዲህ ያለው ሥልጠና የትናንት ፍጥረት አለመሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 በእንግሊዝ አገር አይዛክ ፒትማን የተባለ ሰው አጭር ጽሕፈትን በፖስታ ያስተምር ነበር፤ ተማሪው ጽፎ ይልካል፥ እሱ አርሞ ይመልሳል። በ1858 ደግሞ የሎንዶን ዩኒቨርሲቲ የትም ይማር የት ሊፈተን ለመጣ ሁሉ ፈተናውን ከፈተ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ሎንዶን ለነዚህ ሰዎች አላስተማረም፤ መሰከረ እንጂ። የኛ አባቶችና አያቶችም ከጣልያን ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት በአዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተቀምጠው የሎንዶንን ማትሪክ ይፈተኑ ነበር፤ ማትሪክ የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ከአፋችን ያልጠፋውም ስለዚህ ነው። ሎንዶን ለደብረ ሊቃውንቱ ዓለም እንደ ቤተልሔም ሆና ነበር ማለት ነው።

የኢንተርኔቱ ሥልጠና የመጣው ከዚህ ዘር ነው፤ ግን ማስተማሩን አስፍቶ መመስከሩን አሳሳው። አልሰን የተባለው የአየርላንድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ተመሠረተ፤ ትምህርቱን በነፃ ያሳያል፥ የምስክር ወረቀቱን ለሚፈልግ ያስከፍላል። ኮርሴራና ኤድኤክስ በ2012 መጡ፤ አንዱን የስታንፎርድ መምህራን፥ ሁለተኛውን ሃርቫርድና ኤም.አይ.ቲ. ናቸው ያቋቋሙት። እነዚህን አጭበርባሪ ማለት ሐሰት ነው። የሚያስተምሩት እውነተኛ ትምህርት ነው፤ ወረቀቱም እኔ ነኝ የሰጠሁት ብለው የሚያረጋግጡበት ቍጥር አለው። ችግሩ ያለው ከቃሉ ላይ ነው። እኛ ዲፕሎማ ስንል የዓመታት ትምህርት ማለታችን ነው፤ በነዚህ መድረኮች ዲፕሎማ የሚባለው አንዳንዱ በሰዓት የሚቆጠር ነው። እኛ የሃርቫርድ ስም ስናይ የሃርቫርድ ተማሪ መስሎ ይታየናል፤ ወረቀቱ የሚለው ግን ይህ ሰው ይህን አጭር ትምህርት ጨርሷል ብቻ ነው። በዚህ ላይ "አክሬዲትድ" የሚለው ቃል አለ። በማን? ብሎ የሚጠይቅ የለም እንጂ ቃሉ ሁልጊዜ ይህን ጥያቄ አስከትሎ ነው የሚመጣው።

ፈጽሞ ሐሰተኞችም አሉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ኒውዮርክ ታይምስ እንዳጋለጠው በካራቺ ከተማ አክዛክት የተባለ ኩባንያ በሌሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስም ዲፕሎማ ለዓለም ሲሸጥ ኖሯል። ከሁሉ የገረመኝ ዩኒቨርሲቲዎቹን መፍጠሩ አልነበረም፤ ለዩኒቨርሲቲዎቹ ዕውቅና የሚሰጡ ሐሰተኛ ድርጅቶችም ጭምር መፍጠሩ ነው። ለሐሰተኛው ሐሰተኛ ምስክር አቆመለት። የአያ ወረቀቶች ከዚህ ወገን አይደሉም፤ ይህን ስነግረው ግን ደስታው ከመጠን በላይ ሆኖ ስላየሁት "ሐሰተኛ አይደለም ማለት ይቀጠሩበታል ማለት አይደለም" ብዬ በስልክ አስጠነቀቅሁት።

ባገራችን ዕውቅና የሚባለውን ነገር የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት አለ። በ1995 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ተብሎ ተቋቁሞ ነበር፤ ዛሬ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይባላል። ለተቋማት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከውጭ አገር ለመጣ ዲግሪም የአቻ ግምት ይሠራል። መንግሥት በርቀት ትምህርት ላይ እጁ ከባድ እንደሆነም እናውቃለን፤ በነሐሴ 2002 ዓ.ም. የርቀት ትምህርትን ጨርሶ አግዶ በኋላ ነው በመጠኑ ያላላው። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ሲጀመር ደግሞ የተፈቀደለት ተቋም ዲግሪ እንኳ ብቻውን በቂ ምስክር መሆኑ ቀረ፤ በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከተፈታኞቹ ከግማሽ በታች ነበሩ። እኛም ያው ይጠብቀናልና በዚህ ላይ ብዙ ባልናገር ይሻላል።

እዚሁ ከተማችን ውስጥ በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎችን እርስ በርስ ስለ መቀበል የተስማሙበት ሰነድ አለ፤ የአዲስ ስምምነት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ ይሠራበታል። ርዕሱን ሳይ ለአያ የሚሆን ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ስምምነቱ የሚናገረው በየአገሩ በታወቁ ከፍተኛ ተቋማት ስለሚሰጥ ማስረጃ ነው፤ የመሪነት ጥበብና የሁለቱ ፍየሎች ነገር አይገባበትም።

ሰነድ ማንበቡ ሲበቃኝ የአያን ስድስት ወረቀቶች አሳትሜ በክላሰር አደረግሁና በእግሬ ዞርሁ። በአንድ ትልቅ ሆቴል የሠራተኛ አስተዳደር ያሉ ሴትዮ ስድስቱን ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ገለጥ ገለጥ አድርገው ክላሰሩን ዘጉና "እንግሊዝኛው እንዴት ነው? ከእንግዳ ጋራ ሠርቷል? የሠራበት ቦታ ስልክ ብደውል የሚያውቀው ሰው አለ?" አሉኝ። ሦስተኛው ጥያቄያቸው የየኔታ ጥያቄ መሆኑን ሳስብ ፈገግ አልሁ፤ ሴትዮዋ ግን የሳቅሁባቸው መስሏቸው ኮስተር አሉ። ስወጣ ጠርተው "ማንም ሳያስገድደው ስድስት መጨረሱ ትጉህ መሆኑን ያሳያል፤ ይህን ንገረው። ለዚህ ግን አንዱ ይበቃ ነበር" አሉኝ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሹሙ ክላሰሩን አልከፈቱም፤ የማስታወቂያ ሰሌዳውን በጣታቸው አሳዩኝ። "ዕውቅና ካለው ተቋም" ይላል፤ ለሙያ ሥራዎቹ ደግሞ "የብቃት ማረጋገጫ ያለው" የሚል ተጨምሮበታል፤ ሰው ሁሉ ሲኦሲ የሚለው ማለት ነው። በኛ ሬጅስትራር ነገሩ ከዚህም አጠረ፤ ለክሬዲት አይቆጠርም፤ አለቀ።

ከሁሉ ረዥም ጨዋታ የተጫወትሁት በአንድ አነስተኛ የኮምፒዩተር ድርጅት ነው። ለዚህ የወሰድሁት የአያን ወረቀት ሳይሆን የሠፈራችንን የአንድ ልጅ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከዓረብ ኤምሬትስ ጋራ ሆኖ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና መጀመሩን ሁላችንም ሰምተናል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ሚሊዮን ሰው በነፃ በኢንተርኔት የፕሮግራም አጻጻፍና የዳታ ትምህርት እንዲማር የታቀደ ነው። ለአምስት ሚሊዮን ሰው የሚሰጥ ወረቀት ሁሉም ስላለው ብቻ ከሰው ለይቶ አያስቀጥርም የሚል ሐሳብ ነበረኝ፤ ሰውዬውም ይህንኑ አሉ። ነገር ግን ልጁ በእናቱ ስልክ ተምሮ አንዲት ገጽ ሠርቷል፤ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የየወሩን በዓል ቀን በቀን ታሳያለች፤ የትኛው ደብር መቼ እንደሚነግሥ እንግዳ እንዲያውቅ ያደረጋት ነው። ሰውዬው ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገው ገጹን ከፈቱ። ከፍተውም ዝም ብለው አላለፉም፤ ጳጉሜን ላይ ስሕተት አገኙ። "ይህን ያርመውና ይደውልልኝ" አሉ። ከምርመራዬ ሁሉ ተስፋ የሚመስል ነገር ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ላስታ ደጋ ላይ ይህን ትምህርት የሚያስተምር አንድ ሰው የለም፤ ያለ ኢንተርኔት ልጁ ይህን ከየት ያገኘው ነበር? የኔታ ሲስቁ ያልታያቸው ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ለእያንዳንዱ ጻፍሁ። ለነርሷ የጻፍሁት ያስደሰታት አይመስለኝም። የኛ ጤና ባለሙያ የሥራ ፈቃዱን ለማሳደስ የሚያስፈልገው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻም "ሲፒዲ" ይባላል፤ ነገር ግን የሚቆጠረው በጤና ሚኒስቴር ሥርዓት ዕውቅና ያገኘ አሠልጣኝ የሰጠው ነው። ከወረቀቷ ላይ ያሉት ሦስት ፊደሎች ከዚህ ጋራ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሰጪያቸው ግን ሌላ ነው። ስም አንድ መሆን ዘመድ አያደርግም። ትምህርቱን እንዳትጠላው፥ ለፈቃዱ ግን ከጤና ቢሮው ሳትጠይቅ አንድ ሳንቲም እንዳታወጣ ጻፍሁላት። "ትምህርቱስ ጠቅሞኛል፤ የቍስል አያያዝ ተምሬበታለሁ" ብላ መለሰች። ይህን ማንም አይወስድባትም።

ለአያ ሰባተኛ ወረቀት እንዳይገዛ ለመንሁት። ላሊበላ ላይ እንግዳ የሚያስጎበኝ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ያገራችን የቱሪዝም መሥሪያ ቤት እንጂ የባሕር ማዶ ድርጅት አይደለም። ስለዚህ ወደዚያ ሄዶ "ምን ትቀበላላችሁ?" ብሎ ይጠይቅ፤ ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ፤ መልሱንም ይጻፍ አልሁት። ለሆቴል ሥራ ደግሞ ድሮ አብሯቸው የሠራ ሁለት አስጎብኚዎች ስልካቸውን እንዲሰጡት ነገርሁት። ከስድስቱ ወረቀት አንዱን፥ የደንበኛ አያያዙን ብቻ፥ ከማመልከቻው ጋራ እንዲያያይዝ፥ የመሪነቱን ግን ከቤት እንዲያስቀምጥ መከርሁት። "እሱ እኮ ከሁሉ ያምራል!" ብሎ ተከራከረኝ።

የልጅቱ ነገር ከሁሉ ከበደኝ። ስለ ውጭ አገር ሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቍጥር 923/2008 ተጓዡ ሠራተኛ 8ኛ ክፍል የጨረሰና ለሚሄድበት ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ያለው እንዲሆን ያዝዝ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፥ አዋጅ ቍጥር 1246/2013፥ የ8ኛ ክፍሉን ነገር አነሣው፤ የብቃት ማረጋገጫው ግን ቀረ። ማረጋገጫውም የሚገኘው እዚሁ አገር ውስጥ በተፈቀደ ማሠልጠኛ ሠልጥኖ፥ ተመዝኖ ነው። በስልክ የመጣ ወረቀት በዚህ ቦታ አይተካም። ይህ ለወግ ብቻ የተጻፈ ነገር አይደለም፤ በሕጋዊው መንገድ የሄደች ልጅ ውል አላት፥ የላካት ኤጀንሲም በስሙ ይጠየቃል፤ በደላላ ወረቀት የሄደች ልጅ ግን በሰው አገር ክፉ ቢደርስባት ማን ዘንድ ልትከስ ነው?

ይህን ሁሉ በደብዳቤ መጻፍ አልቻልሁም፤ እናቷ አያነቡም፥ ልጅቱም ያስነበበቻቸው እንደሆነ የምትወደውን ብቻ ልታነብላቸው ትችላለች። ስለዚህ ደወልሁ። እናትዮዋ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሙኝ። "እንግዲህ አያሻግራትም በለኝ" አሉ። "አያሻግራትም፥ እማማ፤ ማሠልጠኛ ገብታ የሚሰጧት ነው የሚያሻግራት" አልሁ። "የት ነው ያለው?" አሉኝ፤ ነገርኋቸው። "ስንት ጊዜ ይወስዳል?" አሉ፤ ያንንም ነገርኋቸው። ልጅቱን ከጎናቸው አድርገው ኖሮ "ሰማሽ?" ሲሏት ይሰማኛል። እሷ ያለችው አልተሰማኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስደውል ልጅቱ ወልድያ አክስቷ ዘንድ ሄዳ መመዝገቢያውን እየጠየቀች ነበር። ደላላው የወሰደውን ገንዘብ አልመለሰም፤ ስልኩንም አያነሣም።